የጣና ደሴቶች ሰው የሚገለገልበት ሰዓት የሐይቁን ሰዓት ይከተል፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ለምትገኙ የጤና፣ የትምህርትና የትራንስፖርት ኃላፊዎች፣ ለጀልባ ባለቤቶችና ነጂዎች፣ እንዲሁም በከተማ ለምትኖሩ የደሴት ተወላጆች

ጤና ይስጥልን።

በደቅ ደሴት ሠርግም ቀብርም፣ ምጥም የተማሪ ፈተናም፣ ንግሥም ገበያም ከውኃው ተነጥሎ አይታሰብም። ስልክ ተደውሎ «ድረሱ» ሲባል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ጀልባ አለ ወይ?» ነው፤ ቀጥሎ «ነፋሱስ?» ይባላል። ደሴቱ ከባሕር ዳር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። በሞተር ጀልባ እንደ ሞተሩ ጉልበትና እንደ ጭነቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ በታንኳ ከሆነ ቀኑ እዚያው ያልቃል። የምንጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ለደሴት ሰው ቀጠሮ ስትሰጡ፣ አስከሬን ስታስረክቡ፣ ፈተና ስትጠሩ፣ ጀልባ ስታሰማሩ፣ ሐይቁ የሚፈቅደውን ሰዓት አስቀድማችሁ አስሉ። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ የሚነሣ ነው።

መጀመሪያ ሐይቁ ራሱ እንዴት እንደሚውል እንግለጽ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀቱ ያነሰ ውኃ ነፋስ ሲያገኘው የሚያነሣው ሞገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው። ጀልባው ከአንዱ ሞገድ ወርዶ ቀና ሳይል ሌላው ይደርስበታል፤ ውኃ የሚገባውም ያኔ ነው። ነፋሱ ደግሞ ሥርዐት አለው። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፣ በየብሱ ላይ ያለው አየር ወደ ላይ ይነሣል፣ ከሐይቁ የቀዘቀዘው አየር ቦታውን ሊሞላ ወደ ዳር ይነፍሳል። ሌሊት አቅጣጫው ይገለበጣል። በዚህ ምክንያት ከንጋት እስከ ረፋድ ድረስ ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ይናወጣል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ ይጨመርበታል። ይህን ታንኳ ቀዛፊውም፣ የገዳሙ አባትም፣ ዓሣ አስጋሪውም ጠንቅቀው ያውቁታል። በከተማ ያሉ ቢሮዎች ቀጠሮ ሲሰጡ ግን አያሰሉትም።

ውጤቱን ደረጃ በደረጃ እንየው። የደሴት ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ይሻገራል፣ 2 ሰዓት ከግማሽ አካባቢ ከተማ ይደርሳል። ወረፋ ይይዛል። 5 ሰዓት ሲሆን «ላቦራቶሪው ከምሳ በኋላ ነው» ወይም «ፈራሚው 8 ሰዓት ይመጣል» ይባላል። 8 ሰዓት ተፈረመለት እንበል። አሁን ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ በነፋሱ ላይ መውጣት ወይም አልጋ ተከራይቶ ማደር። ገንዘብ ያለው ያድራል። የሌለው፣ ሕፃን ቤት የተወ፣ ላሟ ያልታለበች፣ «አይ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ይሳፈራል። ከተማ ውስጥ ለሁለት ሰዓት የዘገየ ፊርማ ሐይቁ መሐል ላይ ነፍስ ያስከፍላል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፦ ከደሴት የመጣ ሰው በካርዱ ላይ ምልክት ይደረግለት፣ ከ2፡30 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ጉዳዩ ይለቅለት። 5 ሰዓት ሳይሞላ ከወደቡ የተነሣ ጀልባ ነፋሱ ሳይበረታ ብዙውን መንገድ ያጋምሳል።

የወላዷ ጉዳይ ከሁሉም ይበልጣልና በስፋት እንናገርበት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ካልታከመ በአማካይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ጀልባው ነዳጅ ተሞልቶ፣ ነጂው ዳር ላይ ቆሞ ቢጠብቅ እንኳ መሻገሪያው ብቻውን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ነጂውን መቀስቀስ፣ ቤንዚን ማፈላለግ፣ እናቲቱን በቃሬዛ ወደ ዳር ማውረድ ሲጨመርበት ጊዜው የለም። ስለዚህ ደም ከጀመረ በኋላ በሚደረግ ሩጫ ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም፤ ሥራው አስቀድሞ ነው የሚሠራው።

አንደኛው የእናቶች ማቆያ ነው። የደሴት ነፍሰ ጡር 37 ወይም 38 ሳምንት ሲሞላት ወደ ማቆያ መግባት አለባት። መንታ የያዘች፣ ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ በፊተኛው ወሊዷ ደም የፈሰሳት ወይም የደም ግፊት ያለባት ከሆነች ሐኪሙ በሚለው መሠረት ከዚያም ትቅደም። ብዙዎቹ እናቶች ለምን አይገቡም ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ አለማወቅ አይደለም። ቤት የቀሩትን ልጆች ማን ያበላል? ከብቱን ማን ያጠጣል? ማቆያው ውስጥ ምን ትበላለች፣ ከማን ጋር ቡና ትጠጣለች? በደሴት ምጥ የአንዲት ሴት ብቻ ጉዳይ አይደለም። ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» ይላል፣ ልጁ ሲወለድ እልልታው ከቤት ቤት ይሻገራል፣ ገንፎው ተገንፍቶ ቅቤና በርበሬው መሐሉ ላይ ይደረጋል፣ ሁሉም ከዳር ከዳር ይቆርሳል። ይህን ሁሉ ትታ ለሦስት ሳምንት ባዶ ክፍል ውስጥ እንድትተኛ የተጠየቀች ሴት ብታመነታ አይፈረድባትም። እንግዲህ ማቆያው ቢያንስ አንዲት አብራት የምትቆይ ሴት ይፍቀድላት፤ ማብሰያ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ለጾመኛም የሚሆን ሽሮ ይኑረው፤ ቡና ይፈላበት። በደሴቱ ያለው እድር ደግሞ ልክ ለሐዘንተኛ ቤት ተረኛ እንደሚመድበው ለማቆያ ገቢዋም ቤት ተረኛ ይመድብ፤ አንዱ ከብቱን፣ አንዷ ልጆቹንና ውኃውን ይያዙ። እድር ለሞት ብቻ ሳይሆን ለልደትም ተረኛ ማቆም ይችላል፤ ሰዉም ሥራውም በእጁ ያለ ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። ማቆያ ሳትደርስ ምጥ ለያዛት እናት ሚዞፕሮስቶል የተባለው እንክብል በደሴቱ ጤና ኬላ ሁልጊዜ መገኘት አለበት። የሚሰጠው በአፍ 600 ማይክሮ ግራም ነው፤ ባለ 200 ከሆነ ሦስት ፍሬ። የሚሰጠው ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ፣ ሆድ ተዳስሶ ሌላ ልጅ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት መስጠት ማሕፀንን ሊያፈነዳ ይችላል። ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ማቀዝቀዣ በሌለበት ኬላ መርፌው ቢላክም ኃይሉን አጥቶ ነው የሚወጋው። እንክብሉ ግን ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ እርጥበት እንዳይነካው ከነማሸጊያው እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ማቆየት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ተጠባባቂ ጀልባ ነው። ተጠባባቂ ማለት ባለቤቱ ሲገኝ የሚለመን ጀልባ ማለት አይደለም። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር በሙሉ ኃይል ሲሄድ በሰዓት ከ15 ሊትር በላይ ቤንዚን ይጨርሳል። አንዱ እጅ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለክፉ ቀን ተብሎ በሦስት ቢመደብ 120 ሊትር ያህል በደሴቱ ላይ መቀመጥ አለበት። ይህ ቤንዚን ከማዕድ ቤት ርቆ፣ በጥላ፣ በጥብቅ በሚከደን ጀሪካን ይቀመጣል። ዘይት ሳይቀላቀልበት ነው የሚቀመጠው፤ ዘይቱ ጉዞ ሲነሣ አምራቹ ባዘዘው መጠን፣ በብዙዎቹ ሞተሮች ለ50 ሊትር 1 ሊትር ይጨመራል። ሦስት ወር ሳይሞላው ለዓሣ አስጋሪዎች ተሽጦ በአዲስ ይተካ፤ የቆየ ቤንዚን ሞተሩን በሌሊት መሐል ሐይቅ ላይ ያጠፋዋል። ከጀልባው ጋር ሁለት ትርፍ ካንዴላ፣ የፕሮፔለር ፒን፣ የማስነሻ ገመድ፣ የእጅ ባትሪ፣ መቅዘፊያና ውኃ መቅጃ ባልዲ ይታሰሩ። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ብቻ አይደር። የነጂው ስም፣ ተለዋጩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ማዶ የሚቀበለው አምቡላንስ ስልክ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ጤና ኬላው በር ላይ ይለጠፍ። ጀልባው ዳር ሲደርስ አምቡላንሱ ከሌለ ሐይቁ ላይ የተገኘው ጊዜ ሁሉ አስፋልት ላይ ይጠፋል።

ወደ ሐዘኑ እንምጣ። በደሴት መርዶ አይደበቅም። ደወል ሲሰማ የሚያርሰው ሞፈሩን ያቆማል፣ ወጣቱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቶች እንጀራ ይጋግራሉ፣ ማንም ሳይጠራ ሁሉም ይደርሳል። የተጣላ እንኳ ቢኖር ያን ቀን ይመጣል፤ በአንድ ደሴት ላይ ተኳርፎ ቀብር መቅረት የለም። ችግሩ ሰው ከተማ ሄዶ ሲያርፍ ነው። አስከሬን በአብዛኛው ቢሮ ተከፍቶ፣ ወረቀት ተፈርሞ፣ ሣጥን ተገዝቶ ሲወጣ ቀትር ይሆናል። ቀብሩ በዚያው ቀን እንዲፈጸም ሁሉም ይቸኩላልና በ7ና በ8 ሰዓት፣ ነፋሱ በተነሣበት፣ ያለቀሰና ያላደረ ሰው በተጫነበት ጀልባ ይወጣል። ከዚህ የከፋ ጉዞ በጣና ላይ የለም። የምንለምነው ይህ ነው፦ ሟቹ የደሴት ሰው ከሆነ ወረቀቱ ዋዜማውን ይለቅ፣ አስከሬኑ በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሰጠን። አንድ ተረኛ ሠራተኛ ከበቂ በላይ ነው።

ሣጥኑ ጀልባ ላይ የሚቀመጥበት መንገድም መታወቅ አለበት። ብዙ ጊዜ ለክብሩ ሲባል ከመቀመጫዎቹ በላይ በአግድም ይጋደማል። ከመቶ ኪሎ የማያንስ ክብደት ከፍ ብሎ ሲቀመጥ ጀልባው ይንገዳገዳል፤ ትንሽ ሞገድ ይበቃዋል። ሣጥኑ ወለሉ ላይ፣ ከፊት ወደ ኋላ በቁመቱ ተዘርግቶ፣ ከራስጌና ከግርጌ በገመድ ይታሰር። ሐዘንተኛ ቁጭ ብሎ ያልቅስ። ደረት መምታትና መነሣት የጀልባውን ሚዛን ያጠፋል። የሚያስፈራው ደግሞ መሐሉ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው 50 ሜትር ነው። ዳር የቆመው ሕዝብ ዋይታ ሲያሰማ በጀልባው ያለው በሙሉ ብድግ ብሎ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ስለዚህ ከመነሻው ሁለት ሽማግሌዎች ይሰየሙ፤ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይቀመጡ። ጀልባው እስኪታሰር ማንም አይነሣ፤ መጀመሪያ ሣጥኑ ይውረድ፣ ሰዉ ከዚያ ይከተል። ዳር ላይ የሚቀበሉትም ካህናቱ ፊት ቆመው ሕዝቡን ከውኃው አሥር እርምጃ ያርቁልን።

ከዘጌ፣ ከቁንዝላ ወይም ከሌላው ዳር ያለው ዘመድ ለቀብሩ ባይደርስ አይታዘንበት። በሠልስትና በአርባ የሚመጣው ሰው ከቀብሩ ቀን የማይተናነሰው በዚህ ምክንያት ነው። እድሮች ይህን በይፋ ቢያጸድቁት፣ «ቀብር አልመጣም» የሚለው ቅያሜ ሰውን በነፋስ ላይ አያስወጣም ነበር።

ደስታውስ? የደሴት ደስታ ትልቅ ነው፣ ሁሉም የሚካፈለው ነውና። ቤት የሚሠራ ሰው ደቦ ሲጠራ ጭቃው በአንድ ቀን ይመረጋል። የእንግዳ ጀልባ ዳር ሲደርስ ሕፃናት ቀድመው ይሮጣሉ፤ እንግዳው የማን እንደሆነ ሳይጠየቅ ይታወቃል። በጥር ሠርግ ነው፤ ከዐቢይ ጾም በፊት ያሉት ሳምንታት ሁሉ ከበሮ ናቸው። ጥር 7 ቀን ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ንግሥ ነው፤ አራት ቀን ቆይቶ ጥምቀት ይከተላል። ሥላሴ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚነግሠው፣ ሁለተኛው ሐምሌ 7 ነው፤ የጥር 7 ንጋት ጸጥ ያለ ሲሆን የሐምሌው ግን በክረምቱ እምብርት ላይ ይውላል። ለጥር በዓል የሚበቃው የጀልባ ቁጥጥር ለሐምሌው አይበቃም። በሐምሌ ተሳላሚው ዋዜማውን ጠዋት ይሻገር፣ በማግስቱም ጠዋት ይመለስ፤ በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ተነሥቶ ከቀትር በኋላ መሻገር ይቅር።

ሠርግም እንዲሁ የሁለት ቀን ይሁን። ሙሽራውና ሚዜዎቹ በጠዋት ይሻገሩ፣ ጭፈራው ዳር ላይ ይሁን፣ ጀልባ ውስጥ ከበሮ አይመታ፤ የሚጨፍር ሰው ይነሣል፣ የተነሣ ሰው ጀልባ ይገለብጣል፤ ከሐዘንተኛው ጋር አደጋው አንድ ነው። ነጂው ጠላም አረቄም አይቅመስ፤ ለእሱ የተለየ ሰሐንና የተለየ ብርሌ ውኃ ማቅረብ የደጋሹ ኃላፊነት ነው። እንግዳው ይደር። እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ቢያሳድር የሠርግ ቤቱ አይጨናነቅም፤ የደሴት ሰው እንግዳ ማሳደር ያውቃል።

አሁን ለጀልባ ባለቤቶች። «20 ሰው ይጭናል» የሚባል ጀልባ 20 ሰው የሚጭነው ጓዝ ከሌለ ነው። አንድን ሰው ከነስንቁ 80 ኪሎ ብላችሁ አስሉ፤ 20 ሰው 1,600 ኪሎ ነው። ስድስት ኩንታል እህል ከተጫነ 600 ኪሎ ሄደ፣ የቀረው ለ12 ሰው ብቻ ነው። በገበያ ቀን ግን 20ውም ሰው፣ ስድስቱም ኩንታል፣ አንዳንዴም በሬ ጭምር ይወጣል። በሬ የተጫነበት ጀልባ ሌላ ሰው ባይዝ እንመርጣለን፤ የግድ ከሆነ በሬው ቀድሞ ይግባ፣ ራሱ ከግራና ከቀኝ በገመድ ይወጠር፣ ዐይኑ ይሸፈን። ከሁሉም የሚቀለው ግን ቀለም ነው። ከጀልባው አፍ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በጎኑ ዙሪያ ነጭ መስመር ይሰመር። ውኃው መስመሩን ከሸፈነ ጀልባው አይነሣ። መስመሩን ያልተማረም ሕፃንም ያየዋል፤ ከነጂው ጋር ክርክር አያስፈልግም።

የላይፍ ጃኬት ነገር በብዛት የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንዱ ጃኬቱ በሣጥን ተቆልፎ ወይም ከኩንታሉ ሥር ተቀብሮ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው እንደ ፍራሽ ተቀምጠውበት ስፖንጁ መጨፍለቁ ነው፤ የተጨፈለቀ ስፖንጅ ሰው አያንሳፍፍም። ሦስተኛው ለሕፃናት የሚሆን መጠን አለመኖሩ ነው፤ የአዋቂ ጃኬት ሕፃን ላይ ሲደረግ ውኃ ውስጥ ሾልኮ በራሱ ላይ ይወጣል። ለሕፃን በእግሩ መሐል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ይገዛ። ብርድ ነውና ሰው ጋቢውን ለብሶ ነው የሚሳፈረው። የራሰ ጋቢ ከባድ ነው፣ ክንድም ያስራል። ጋቢው ይውለቅ፣ ጃኬቱ ይታሰር፣ ጋቢው ሳይጠመጠም ከላይ ጣል ይደረግ።

ስለ ታንኳም አንድ ነገር እንበል፣ ሞተር በሌለበት የሚያሻግረን እሱ ነውና። ታንኳ የሚሠራው ደንገል ከተባለው የሐይቅ ዳር ተክል ደርቆ ነው፤ እየታሰረ፣ እየተጠቀለለ፣ አፍንጫው ቀና ተደርጎ ይያያዛል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ አቁሞ ማንጠፍጠፍና ማድረቅ ግድ ነው፤ በጥሩ ቢያዝም የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ነው። እንግዲህ ደንገል ሁልጊዜ ያስፈልጋል። ሐይቁ ሲሸሽ የተገለጠው ዳር እየታረሰ፣ ደንገሉም እየተመነጠረ ነው። ደንገሉ ለታንኳ ብቻ አይደለም፤ ዓሣ የሚራባው በሥሩ ነው፣ ከየብስ የሚመጣውንም ደለል የሚያስቀረው እሱ ነው። በየደሴቱ ዳር የማይታረስና የማይታጨድ የደንገል ክልል ይከለል፤ የሚታጨደውም ሥሩ ሳይነቀል፣ በተራ ይታጨድ።

ወደብ ስትሠሩልን እባካችሁ የሐይቁን ከፍታና ዝቅታ አስቡ። ውኃው ከመስከረም እስከ ጥቅምት ይሞላል፣ በግንቦትና በሰኔ ይጎድላል፤ ልዩነቱ በዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ሊደርስ ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የተሠራው የጨረጨራ ግድብና ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ባለ 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ውኃ በሰው እጅ የሚታዘዝ አድርገውታል። ስለዚህ በአንድ ከፍታ የተገነባ የሲሚንቶ መውረጃ በመስከረም ይሰጥማል፣ በሰኔ ከጭቃ ባሻገር ይቀራል። ሰው እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይወርዳል፤ ነፍሰ ጡሯም፣ ሽማግሌውም፣ ሣጥን ተሸካሚውም። በጣና ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታ አለ፤ የሚተላለፈውም ሣር በበዛበት ዳር ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በሚወጣ ተሕዋስ ነው፤ ተሕዋሱ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ሲሞቅ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ሳይነከሩ መውረድ ማለት ከዚህም መዳን ማለት ነው። የሚሻለው ተንሳፋፊ መድረክ ነው። 200 ሊትር የሚይዝ የታሸገ በርሜል 180 ኪሎ ያህል ያንሳፍፋል። 12 በርሜል በእንጨት ተያይዞ ግማሽ አቅሙ ብቻ ቢጫን አንድ ቶን ያህል በደኅና ይሸከማል፤ ያ ከነሸክሙ 12 ሰው ነው። በርሜሉ የፕላስቲክ ይሁን፣ ብረቱ ይዝጋል። ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ እንዲል በአራት ምሰሶ ላይ በልቅ ቀለበት ይያዝ።

እንቦጭ የተባለው የውኃ አረም በሐይቁ ላይ በይፋ የተመዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከሰሜን ምሥራቁ ዳር በነፋስ እየተገፋ ሲመጣ ፕሮፔለሩን ከመጠምጠም አልፎ የሞተሩን ማቀዝቀዣ የውኃ መግቢያ ይደፍናል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ይቃጠላል። ነጂው ከሞተሩ ጀርባ የሚወጣው የውኃ ጅረት ከቆመ ወዲያው ያጥፋ፣ ያጽዳ። ከእንቦጭ የወጣ ጀልባና መረብ ታጥቦ ይሻገር፤ ቅንጥብ ሥር ለሌላ ደሴት ይበቃል።

ተማሪዎቻችንን አትርሱብን። ከፍ ያለውን ክፍል ለመማር ልጅ ከማዶ ቤት ይከራያል፣ ስንቁ በቅዳሜ ጀልባ ይላክለታል፦ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ። ጀልባው ሁለት ቅዳሜ ከቀረ ልጁ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል። የሳምንቱን ስንቅ ጀልባ ቀንና ሰዓት ማጽናት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲዎች ነው፤ የደሴት ተፈታኞች ከሌላው አንድ ቀን ቀድመው ማደሪያ እንዲያገኙ ይሁን።

የመጨረሻው የምሥጢር ጉዳይ ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት ደሴት ጤና ኬላ መግባት ብቻውን ይታያል፣ ይወራል። ፍቅሩ ጥልቅ የሆነ ሰፈር የሰውን ገመና መሸፈን ይከብደዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ተጠቃሚ ሆኖ ጤናው የተረጋጋ ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚወስድበት አሠራር በአገራችን አለ፤ ለደሴት ሰው ይህ ሳይጠይቅ ይቅረብለት። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይሻገራል፣ ሰበብም አያጣም። የቤተሰብ ምጣኔና የሳንባ በሽታ ምርመራም በአንድ በር፣ በአንድ ቀን፣ ከክትባትና ከሌላው አገልግሎት ጋር ተቀላቅለው ይሰጡ፤ ማን ለምን እንደመጣ እንዳይለይ።

በእኛ በኩል እድሮች የተጠባባቂውን ቤንዚን የማዋጣት፣ ተረኛ ሽማግሌዎችን የመሰየምና የስልክ ዝርዝሩን የመለጠፍ ሥራ ሊወስዱ ይችላሉ፤ ይህን ከእናንተ አንጠብቅም። ከእናንተ የምንጠብቀው ከመጪው ጥር 7 በፊት ሦስት ነገር ነው፦ የጀልባዎቹ ነጭ መስመር ይሰመር፣ አስከሬን በንጋት የሚለቀቅበት ትእዛዝ በጽሑፍ ይውጣ፣ የደሴት ታካሚ እስከ 5 ሰዓት የሚስተናገድበት መስኮት ይታወቅ። ማቆያውና ተንሳፋፊው መድረክ በጀት ስለሚፈልጉ ለመጪው ዓመት ዕቅድ እንዲገቡ የመለኪያ ሥራው በግንቦት፣ ውኃው በጎደለበት ወቅት ይጀመር። በመስከረም የተለካ ወደብ በሰኔ አይደርስልንም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጣና ደሴቶች ነዋሪዎችና በሐይቁ ላይ የምንሠራ